ዶቃ ቲያትር አያውቅም

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን በከተማው ውስጥ ያልተሾመ ሰው ለመድኃኒት አይገኝም ነበር። ትናንት ባሮ ዳር ተቀምጦ መንጠቆ ሲጥል ያያችሁት ጎረምሳ ዛሬ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ያልፋችኋል። ከተሾሙት አንዱ ጋትኩዋት ነው፤ በር ሁሉ የሚያስጎነብሰው ረጅም፣ ልቡ ግን የሕፃን ልብ የሆነ የኑዌር ልጅ። አዲስ አበባ ለስልጠና ሰንብቶ የባህል ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተመለሰ። ከስልጠናው ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ባህል መሠረታዊ አላባዎች አሉት የሚል ትምህርት ነው። «ቋንቋ አንድ፣ እምነት ሁለት» እያለ በእነዚያ ረጃጅም ጣቶቹ ይቆጥራል። ጋብቻ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን ያቆምና «ዋናው!» ይላል።

ይህን ሁሉ በየቀኑ የምትሰማው አባይነሽ ናት። አባይነሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለባህል ቀን የሚለበሰውን ሁሉ እንድትሰፋ ስለተዋዋለች የስፌት መኪናዋን አምጥታ የቢሮው በረንዳ ላይ ተክላለች። የእሷ ችግር ሳቅ ነው። ሳቋ ከመጣ አይመለስም። ለቅሶ ቤት ሳቋ መጥቶባት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ የወጣች ልጅ ናት። ጋትኩዋት አውራ ጣቱን ባቆመ ቁጥር መርፌዋ ጨርቁን ትቶ ወዲያ ይሄዳል።

ሰሞኑን ደግሞ ሳቋ የበዛበት ሌላ ምክንያት ነበራት። እዚያው ቢሮ የሚሠራ ኦጅዋክ የሚባል የአኝዋክ ልጅ አለ። ወዳዋለች፣ ወዷታል። ምን ይደበቃል፤ ከተማው በሙሉ ያውቃል።

መጋባቱ ግን አልሆነላቸውም። ጥፋቱ የኦጅዋክ ነው፤ ጥፋት ካላችሁት። ሰውዬው ሲጨንቀው አንድ ቀን ብድግ ብሎ፣ ከባሮ ያወጣውን የሰው ቁመት የሚያህል ዓሣ በትከሻው ተሸክሞ፣ ብቻውን ወደ ሰፈራው መንደር ሄደና የአባይነሽን አባት አቶ አራጋውን «ልጅዎን ይስጡኝ» አላቸው። ብቻውን! ያውም በሁዳዴ ጾም፣ ያውም ዓርብ ቀን!

አቶ አራጋው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። በአገራቸው ወግ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ እንጂ ራሱ ፈላጊው አይደለም፤ ዓሣ የሚጠይቅ ደግሞ ከነአካቴው የለም። ዓሣውን አዩት፤ ዓሣውም አያቸው። «ልጄን እንዲህ አልሰጥም!» አሉ፤ ማሉም። «ከተናገሩ ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚሉ ሰው ናቸው፤ ያሉትን አይመልሱም። ኦጅዋክም ዓሣውን እንደተሸከመ ተመለሰ። አባይነሽ ያን ቀን ከሳቋም ከዕንባዋም አንዱን መምረጥ አቅቷት ሁለቱንም አደረገች።

የባህል ቀን ሲቃረብ ጋትኩዋት አንድ ሐሳብ መጣለት። ጋብቻ ዋናው ነው ካልን፣ ጋብቻን በቲያትር እናሳይ! ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ የአኝዋክ ሙሽራ ትቀመጣለች፣ የሙሽራው ቤተሰብ ለአባቷ ዶቃ ይሰጣል፣ ከበሮ ይመታል፣ ይጨበጨባል።

ዶቃው ዲሙይ ይባላል። ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሰማያዊ ዶቃ ነው። አኝዋክ ሚስት የሚያገባው በእሱ ነው፤ ለእህት ማግቢያ የመጣው ዶቃ ተራውን ለወንድም ማግቢያ ይሄዳል። የኦጅዋክ እህት አጁሉ በቅርቡ ስላገባች የእሷ ዶቃ በቤታቸው ተቀምጦ ነበር። ጋትኩዋትም «እንግዲያው ሙሽራው አንተ ነህ፤ ዶቃውን ይዘህ ና» አለው።

ሙሽራ ግን ጠፋች። የተጠየቀች የአኝዋክ ልጅ ሁሉ «አባቴ እንቢ አለ» ትላለች። ለአባትነት የታጩት አቶ ኦቻላ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸውም በረንዳው ድረስ መጥተው ቁርጡን ነገሩት።

«እኔ ዶቃ በውሸት አልይዝም» አሉ። «እጅ ከያዘ፣ ያዘ። በቃ።»

«ቲያትር እኮ ነው አባባ!» አለ ጋትኩዋት።

«ዶቃ ቲያትር አያውቅም።»

አባይነሽ ከመኪናዋ ቀና ብላ፣ «ለምን የእናንተን፣ የኑዌርን ሠርግ አታሳይም ታዲያ? ከብት ይነዳ የለ?» አለችው።

ጋትኩዋት ደነገጠ። «ከብት? በጨዋታ? ከብቱ የልጅቷ አባት በረት ከገባ ማን ያወጣዋል! የኛን በሥዕል ነው የምናሳየው።»

ይህን በገዛ አፉ ተናግሮ ስለ ዶቃው አለማሰቡ ነው የሚገርመው። ሹመት እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ፤ ከራስ ደጅ ያለውን ያሳያል፣ ከጎረቤት ደጅ ያለውን ይጋርዳል።

የባህል ቀን ደረሰ። ቦታው የባሮ ዳርቻ፣ ድሮ ከሱዳን የሚመጣው መርከብ ይቆምበት የነበረው አሮጌው ወደብ አጠገብ፣ ማንጎዎቹ ሥር ነው። ሙቀቱ ድስት ያፈላል። እንግዶቹ ከረባታቸውን አስረው በላብ ይታጠባሉ። ሕዝቡ ግን ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። አቶ አራጋውም ጎረቤታቸውን አቶ አሊን አስከትለው፣ ሞፈርና ቀንበር ተሸክመው መጥተዋል። የሰፋሪውን የእርሻ ባህል እንዲያሳዩ ተጋብዘው ነው። ሁለቱ ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሌላው መስጊድ የሚሳለሙ፣ ከዚያ በቀር ምንም የማይለያቸው ባልንጀሮች ናቸው።

ጋትኩዋት ሙሽራ እንደፈለገ ረፈደበት። በመጨረሻ ዓይኑ አባይነሽ ላይ አረፈ። የሙሽራዋን ልብስ የሰፋችው እሷ፣ ስትለካ የከረመችው በራሷ ቁመት።

«አንቺ ልበሺው!» አላት።

ኦጅዋክ ሰምቶ ወደ ጎን ሳባት። «አባይነሽ፣ አቶ ኦቻላ ያሉት እውነት ነው። አባት ሆኖ የተቀበለ ሰው፣ ተቀበለ ነው። እያወቅሽ ግቢ» አላት።

«የኔ አባት ቢሆንም?»

«የማንም አባት ቢሆን።»

አባይነሽ የሰፋችውን ልብስ አየች። ከዚያ ከእግር ጥፍሯ የተነሣ ሳቅ ሲመጣ ተሰማት። ልብሱን ይዛ ሮጠች።

አቶ አራጋው ልጃቸው በጨሌና በቀለም አጊጣ፣ ከዚያ ከዓሣ ተሸካሚው ልጅ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሲያዩ ሞፈሩን ጥለው መጡ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨዋታ ነው አባባ» አለ ጋትኩዋት ተለማምጦ። «የአባት ቦታ ብቻ ነው የጎደለን። ሌላ ሰው አባት ይሁናት እንዴ?»

«እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«ታዲያ ና፣ ተቀመጥ። ዶቃውን ትቀበላለህ፣ አለቀ።»

አባይነሽ የሳቋን አንገት አንቃ ያዘችና እውነቱን ነገረቻቸው። በኋላ አታለለችኝ እንዳይሉ ብላ ነው። «አባዬ፣ አቶ ኦቻላ እንቢ ያሉት እኮ ዶቃው ከተያዘ እውነተኛ ጋብቻ ነው ብለው ነው። ሰምተሃል?»

አቶ አራጋው ዶቃውን አዩት። እንግዶቹን አዩ። የመንግሥትን በዓል ሰፋሪው አበላሸው እንዳይባልም ፈሩ። «ይሄ ሁሉ ወሬ ለጠርሙስ ስባሪ ነው?» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አምጡት! እኔ አራጋው ዶቃ ብይዝ ምን ይለኛል!»

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

አባይነሽ አንገቷን ደፍታለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከእንግዶቹ አንዱ ለሌላው «ስሜቷን እያት፣ ከልቧ ነው የምታለቅሰው» ሲል ሰማችና ይባስ ብሎ እስትንፋሷ ሊቆም ሆነ። የኦጅዋክ አጎቶች ዶቃውን በሁለት እጃቸው አቅርበው ዘረጉ። ሲስቅና ሲያፏጭ የነበረው የአኝዋክ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ባሮ ሲፈስ ይሰማል። አቶ አራጋው እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ።

እልልታው ማንጎውን ከዛፉ አረገፈው ብል አላጋነንኩም፤ ሁለት ሦስቱ እውነትም ወድቋል። ከበሮው ተመታ፤ አጁሉ መድረኩ ላይ ዘላ ወጥታ አባይነሽን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ሴቶቹ ተከትለዋት ወጡ። እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ጋትኩዋት በደስታ ማስታወቂያ የሚናገርበትን ድምፅ ማጉያ ጣለው።

ጨዋታው አበቃ ሲባል አቶ አራጋው ዶቃውን ለኦጅዋክ ዘረጉለት። «እንካ ንብረትህን።»

ኦጅዋክ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

ወደ አጎቱ ዞሩ። አጎቱ ሰማይ ሰማይ አየ። ለአጁሉ ሰጧት፤ አጁሉ ጮኻ ሸሸች። አቶ ኦቻላ ዘንድ ሄዱ፤ አቶ ኦቻላ በደስታ ጥርሳቸው ሁሉ ተገልጦ «አማቼ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አሏቸው። ወደ ጋትኩዋት ሮጡ። ያን ጊዜ ነው ለጋትኩዋት ነገሩ በራሱ ላይ እንደ ደረሰ ያህል የተገለጠለት። የተነዳ ከብት ሲመለስ ታየውና ወደ ኋላው ተፈናጠረ።

«እኔ አልቀበልም! መመለስ ፍቺ ነው! በባህል ቀን ፍቺ!»

አቶ አራጋው ዶቃውን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጡ ማንጎዎቹን ዞሩ። ሰው ሁሉ ይሸሻል። ሕፃናት እየተንጫጩ ይከተሏቸዋል። በመጨረሻ አቶ አሊ ላይ ደረሱ።

«አሊ፣ አንተ ያዝልኝ፣ ወንድሜ።»

«ቢስሚላህ! እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የለችኝም» አሉ አቶ አሊ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው። «ደግሞስ ምን ልትሆን ነው የምትመልሰው? በሕዝብ ፊት ተቀበልክ። ከተናገሩ ከሚጠፋ የምትለው አንተ አይደለህም?»

«አልተናገርኩም! አፌ አንድ ቃል አልወጣውም!»

«እጅህ ተናገረ።»

አቶ አራጋው ማንጎው ሥር ቁጭ አሉ። አባይነሽ እየሳቀች መጥታ አጠገባቸው ስትደርስ ፊታቸውን አየች፤ ሳቋ ጠፋ። በሕይወቷ ሳቋ ሳይነገረው ራሱ ሲሄድ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«ዓሣው አይደለም ልጄ» አሏት ቀስ ብለው። «ዓሣውን እንኳ እበላው ነበር። ከወሎ ሲያመጡን ማንም ፈቅደህ ነው ወይ አላለንም፤ ጫኑን፣ መጣን። ካቻምና ደግሞ ግማሹ መንደር ፈርቶ ተነሥቶ ሄደ። ነገ እኔንም ተነሥ ቢሉኝስ? እናትሽን እዚህ ቀብሬ፣ አንቺን እዚህ ድሬ፣ ማንን ይዤ ነው የምሄደው?»

አባይነሽ አባቷን ይህን ያህል የምትወዳቸው መሆኑን አታውቅም ነበር። አንድ ቃል ቢሏት፣ ዶቃውን ነጥቃ ራሷ ትመልሰው ነበር።

አቶ ኦቻላ ግን ከጎን ሆነው ሰምተዋል። መጥተው ፊት ለፊት ቁጢጥ አሉ።

«አማቼ፣ አንተ የኛን ዶቃ ይዘህ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ ኮስተር ብለው። «አንተ ሂድ ቢሉህ፣ እኛ ሁላችን እንከተልሃለን። ዶቃ ያለበት ቤት ዘመድ ነው። ማን ነው የኔን ዘመድ ሂድ የሚለው? እኔን ጠይቆ ነው?»

አቶ አራጋው ረጅም ጊዜ ዶቃውን ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መልካም። በእናንተ ወግ ሆነ። አሁን ደግሞ በእኔ ወግ ይሁን። ሽማግሌ ላኩብኝ።»

«ሽማግሌ መጥቶ ምን ያደርጋል?»

«ልጄን ይለምነኛል።»

«ልጅቷ የኛ ሆናለች እኮ።»

«ቢሆንም ትለምኑኛላችሁ። እኔም እንቢ እላለሁ።»

አቶ ኦቻላ ግራ ገብቷቸው አቶ አሊን አዩ። ጋትኩዋት ደግሞ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ «እንቢታ የትኛው አላባ ውስጥ ነው የሚገባው?» እያለ ራሱን ይጠይቃል።

በማግስቱ አቶ አሊ የጋትኩዋት ቢሮ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የአኝዋክ ሽማግሌዎችን አሠለጠኑ። አባይነሽ መኪናዋን ትታ ታዳምጣለች። «ስትገቡ አትቀመጡ፤ ተቀመጡ ቢላችሁም ጉዳይ አለን በሉ። ልጅ የሚሰጥ ሰው ቶሎ እሺ ካለ ልጁን አራከሰ ይባላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንቢ ይላል። እንዳትቆጡ። እንመለሳለን ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ደግሞ ትመጣላችሁ፤ ደግሞ እንቢ ይላል። በሦስተኛው ይሰጣል።»

አቶ ኦቻላ ነገሩ እየጣፈጣቸው ሄደ። «የራሳችንን ሚስት ልንለምን!» ብለው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

በመጀመሪያው ቀን አቶ አራጋው ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ጠበቋቸው። «ልጄ ገና ልጅ ናት፤ ዘመድ አላማከርኩም» አሉና እንቢ አሉ። ሽማግሌዎቹ «እንመለሳለን» ብለው፣ በሰልፍ ወጥተው፣ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ በሳቅ ፈነዱ። በሁለተኛው አቶ አራጋው እንደ ወይፈን ተነሡ። ስለ ዓሣው ጭምር አነሡና አምርረው እንቢ አሉ። አባይነሽ ከቤቱ ጓሮ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች፣ አባቷ ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታ አታውቅም። ሰውዬው ከአገራቸው በሬም መሬትም ይዘው አልመጡም፤ ይህችን እንቢታ ግን አንጠልጥለው መጥተው ኖሯል።

ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። አቶ አሊ «ከጁምዓ ስመለስ አብረን እንሄዳለን፤ ጠብቁኝ» ብለው መስጊድ ሄዱ። አቶ ኦቻላ ግን ሥራውን ለምደውታል። «አሁን እኛ አዋቂ ነን፤ አስተማሪ ምን ያደርጋል» አሉና ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው መጡ።

አባይነሽ ጓሮ ቆማለች። ዛሬ ነው።

«ልጅህን ለልጃችን ስጠን» አሉ አቶ ኦቻላ ቆመው።

አቶ አራጋው አፋቸውን ከፈቱ። የተዘጋጁበት ምርቃት ነበራቸው፤ አባታቸው እህታቸውን ሲድሩ የተናገሩት፣ ለሳምንት ሲያጠኑት የሰነበቱት። አንድም ቃል አልወጣም። ዕንባቸው መጣ። ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑና እንደ ቆሙ ቀሩ።

ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ኦቻላ አሰቡበት። አቶ አሊ ስለ ጋቢ ያስተማሯቸው ነገር የለም፤ ቢሆንም ሰውዬው ፊቱን ከሸፈነ ከመናገርም የባሰ እንቢታ መሆን አለበት። ከሁሉ የከበደው እንቢታ! በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንመለሳለን» አሉ በጣም በአክብሮት። ዞረውም በሰልፍ ወጡ።

አባይነሽ ጓሮ ሆና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሮጣ ወጥታ «ተመለሱ!» ብላ እንዳትጮህ፣ ሙሽራ ሽማግሌ ጠርታ አታውቅም። ዝም እንዳትል፣ ሕይወቷ በሰልፍ እየሄደ ነው።

አቶ አራጋው ጋቢያቸውን ከፊታቸው አነሡ። ግቢው ባዶ ነው። ግራ ቀኝ አዩና ልጃቸውን አጥሩ ሥር አገኟት።

«የት ሄዱ?»

«ሄዱ አባዬ! እንቢ ያልክ መስሏቸው ሄዱ!»

አቶ አራጋው ዱላቸውን ጣሉ። ጋቢያቸው አጥር ላይ ቀረ። ከግቢው ወጥተው በአቧራማው መንገድ ላይ ሮጡ። «ኧረ አቶ ኦቻላ! ኧረ ቁሙ!»

ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩዋቸው። ይህም ከወጉ ነው ብለው ገመቱ። አባት ያባርራል፣ ሽማግሌ ይሸሻል፤ ምን ይደረግ። እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ፤ አንዱማ ሱሪውን ሰብስቦ ሮጠ። መንደሩ ከየቤቱ ወጥቶ ያያል። አባይነሽ ከኋላ ትሮጣለች፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለቱን መለየት ትታለች።

መታጠፊያው ላይ አቶ አራጋው ደረሱባቸውና የአቶ ኦቻላን ክንድ ጨመደዱ። ትንፋሻቸው ተቆርጧል።

«ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። «ውሰዷት። እባካችሁ፣ ልጄን ውሰዷት።»

አቶ ኦቻላ የሰውዬውን ዕንባ አዩ፣ አቧራውን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«አማቼ፣ ይሄስ ወግ ነው?»

«አይደለም» አሉ አቶ አራጋው። «ይሄ እኔ ነኝ።»

አቶ ኦቻላ ሌላ ነገር አልጠየቁም። የአቶ አራጋውን እጅ ያዙና ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው ወደ ግቢው መመለስ ጀመሩ። አባይነሽም ሙሽራ መንገድ ላይ ቆማ መገኘት እንደሌለባት ድንገት ትዝ አላትና፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ቀድማቸው ቤት ገብታ አንገቷን ደፍታ ለመቀመጥ ተፈተለከች።